ሲስተር ያወጡን ዳገት

በሃያ አምስት ዓመቴ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ፀጉሬ አልሸበተም፣ ወገቤ አልጎበጠም፤ ሽማግሌ የሆንኩት በሰው እጥረት ነው። ክልሉ ገና የተቋቋመበት ጊዜ ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ጠረጴዛው ሳይመጣ ኃላፊው ይመጣል፤ ኃላፊው ሳይመጣ ማኅተሙ ይደርሳል። ከደጋ ተመድበን የመጣን መምህራን፣ ነርሶችና የሒሳብ ሠራተኞች አብዛኞቻችን ወጣቶች ነበርን። አባቶቻችን ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ሲታመም አስታማሚው፣ ሲሞት ቀባሪው፣ ሲያገባ ደግሞ ሽማግሌው እኛው ነን። ጢም ያለው በጢሙ፣ ጢም የሌለው በኮቱ ይሸመግላል።

እኔ ጢም አልነበረኝም።

አንድ ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር መምህር ጓደኛ ነበረኝ። በሰፈራው ዘመን በልጅነቱ ከወሎ ከእናትና አባቱ ጋር የመጣ ነው። በመጡ በዓመቱ ወባ አባቱን ወሰደው፤ ብዙም ሳይቆይ እናቱን። ሁለቱንም የገነዟቸው በዚያን ጊዜ በሰፋሪዎቹ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው ነርስ ናቸው። ልጁን ትምህርት ቤት ያስገቡትም እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን መንግሥት በየቦታው ሲያዛውራቸው፣ እሱም በአዳሪ ትምህርት ቤት ሲያድግ፣ በዓመት አንዴም ሳይገናኙ የቀሩበት ጊዜ ነበር። ጓደኛዬ በጨዋታ መሐል ስለ ዘመድ ወሬ ሲነሳ ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል። በጋምቤላ ሙቀት ውሃ መጠጣት ስለማያስጠረጥር ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ እኔ ግን አብሬው ስለምኖር አውቅበት ነበር።

ይህ ሰው በትምህርት ቢሮ የምትሠራ አንዲት ታይፒስት ወደደ። እሷም ወደደችው። አባቷ ወደ ቡሬ ከሚወጣው መንገድ ተገንጥሎ፣ መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ ባለ ጤና ኬላ የሚሠሩ የጤና ረዳት ነበሩ። ልጅቷ ነገሩን ስታጫውታቸው፣ ልጁን ክፉ ነው እንደማይሉት፣ ግን ወገን የሌለው ሰው እንደሚያስፈራቸው ነገሯት። ነገ ቢጣሉ ማን ዘንድ ሄጄ እከሳለሁ፣ ብትወልድስ ማን ያርሳታል አሉ። ከጎሬ አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክባቸው ጠይቆ ነበር። እንግዲህ ልጁ ወገን አለኝ ካለ የሐምሌ የመጨረሻዋ እሑድ ይላክብኝ፤ ያ ካለፈ ፍልሰታ ይገባል፣ ጾሙ ሲፈታ የነጋዴውን ሽማግሌዎች እቀበላለሁ ብለው ቆረጡ።

ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ ሳቅ ብሎ ነበር። ያን ሳቅ ባላየው ይሻለኝ ነበር። በዚያው ምሽት ሽማግሌ እሆንሃለሁ አልኩት።

ሁለተኛው ሽማግሌ አብሮን የሚያስተምር አኙዋ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ስለነበር ሁላችንም ጂኦግራፊ ነበር የምንለው። ባሮ ዳር ተወልዶ ባሮ ዳር ያደገ፣ የመካነ ኢየሱስ ዘማሪ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ሰው ነው። ስለ ተራራ አፈጣጠር መጽሐፍ ሳይገልጥ ያስተምራል፤ ተራራ ግን ወጥቶ አያውቅም። ሦስተኛዋና ዋናዋ ሽማግሌ ሲስተር ሆኑ። በዚያ ወቅት ወደ ከተማው ሆስፒታል ተመልሰው ነበር፤ የክትባት ዕቃ ተሸክመው በእግር ያልወጡት የዚያ አካባቢ ተራራ የለም። ሴት ለሽምግልና ትላካለች ወይ ብሎ ያጉረመረመ ሰው አልጠፋም። ጓደኛዬ ግን ሌላ የምልከው ትልቅ ሰው የለኝም አለ፤ ሲስተርም አንድ ቃል ሳያበዙ እሺ አሉ።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን የሚደብቅልኝ ነገር ስፈልግ፣ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ኮታቸውንና ጥቁር የቆዳ ጫማቸውን አዋሱኝ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ሶሉም ቆዳ ነው፤ በሲሚንቶ ላይ ሲረግጡት ቋ ቋ ይላል። ሰፋ ስለሚለኝ ጫፉን በጋዜጣ ጠቀጠቅኩት። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው እውነትም ልጅ የሚሰጡት ሰው መሰልኩ።

ሲስተር ከመሄዳችን በፊት ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ ብለው በረንዳቸው ላይ ጠሩን። በሽምግልና ሥርዓት ላይ የሚያጠኑን መስሎን ነበር። እሳቸው ግን መቀመጫ ሰጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በመጀመሪያ ያዩት ጥፍራችንን ነው። የእኔን አይተው መቀስ አመጡ። ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ወደፊት እየተገፋ የጫማውን ጫፍ ይደበድባል፤ ረጅም ጥፍር ያለው ሰው ማታ ጥፍሩን ከካልሲው ውስጥ ይለቅመዋል አሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ማስፈራራት የለም፤ ስለ ዱቄት አቦካክ የሚያስረዱ ነው የሚመስሉት።

ቀጥሎ ጫማ። የጂኦግራፊን እግር የሚችል ጫማ በጋምቤላ ገበያ ታስሶ አልተገኘም ነበር። አንድ ነጋዴ ከፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ የፈረንጅ ቦት ጫማ አምጥቶለት፣ እሱም ጣቱን አጥፎ ካላስገባው እንቢ አለ። በመጨረሻ ጎማ ቆራጩ ዘንድ ሄዶ በልኩ በረባሶ አሠራ። በበረባሶ ሽምግልና መሄድ አሳፍሮት ከወንበሩ ሥር ሊደብቀው ሲል ሲስተር ጎትተው አወጡት። ገለበጡት፣ ምስማሩ ወደ ውስጥ አለመውጣቱን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ማድረግ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቁ። እግሩ ከለመደው መሰንበቱን ሲሰሙ ደስ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው አሉ፤ ተረከዙን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ አልነበረውም፤ እሱን አስጨምርና ከሁላችን በላይ አንተ ትሄዳለህ አሉት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ያንን የሚያብረቀርቅ ጫማ ፈንጠር አድርገው ያዙት፤ እንደ ሞተ ነገር። ከውስጡ ጋዜጣውን ስበው አወጡ። ካልሲ አድርገህ ግባበት አሉኝ፤ ገባሁ። ከተረከዜ ኋላ አንድ ጣት ብቻ መግባት ሲገባው የእሳቸው አራት ጣት ገባ።

“እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ዳገት አልፈራም” አልኳቸው።

እሳቸውም የደጋ ሰው ስለሆኑ ይህ እንደማይገዛቸው ማወቅ ነበረብኝ። ከግቢያቸው ጀርባ ወደ ባሮ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ይዘውኝ ወረዱ። ዳርቻው ላይ ዘንበል ያለ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ድንጋይ አለ። ተራመድበት አሉኝ። ሁለት ጊዜ ተራመድኩ፤ ሦስተኛውን በመቀመጫዬ ጨረስኩት። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ሳቁ፤ ጂኦግራፊም ከላይ ሆኖ ሳቀ። ሲስተር አልሳቁም፤ እጃቸውን ዘርግተው ካነሱኝ በኋላ፣ ቆዳ ሶል እርጥብ ድንጋይ ላይ ሳሙና ነው፣ አንተን የምንፈልግህ ለሽምግልና እንጂ ለቀብር አይደለም አሉኝ።

ተማሪዎችን ኳስ የማጫውትበት፣ ቀለሙ የጠፋ፣ ከሥሩ ጥርስ ያለው ሸራ ጫማ ነበረኝ። እሱን ነው የምታደርገው አሉ። አኮረፍኩ። የሰው ልጅ ልጠይቅ እየሄድኩ በኳስ ጫማ? በመጨረሻ ተስማማን፤ ዳገቱን በሸራው እወጣለሁ፣ የቆዳውን በፌስታል ጠቅልዬ እይዛለሁ፣ የአባትየው ደጅ ስንደርስ እቀይራለሁ። ገበያተኛም ቤተ ክርስቲያን ሳሚም እንዲህ ያደርግ የለም ወይ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የራሳቸውን ጫማ ኋላ ነው ያየሁት። ከተበተነው ሠራዊት ገበያ ከወጡት ከስክሶች አንዱ ነው፤ ትንሽ እግር የነበረው ወታደር ጫማ። ከብዙ መንገድ የተነሳ ቆዳው ለስልሷል፤ ማሰሪያው ግን አዲስ ነው። በዚያ ላይ ረጅም ቀሚስና ነጠላ። እንደዚያ ለብሰው ሲያዩዋቸው ማን ደፍሮ ይስቃል?

ቅዳሜ በጭነት መኪና ወጥተን መንገዱ ዳር ካለች መንደር አደርን። ጓደኛዬም እስከዚያ ሸኘን፤ ልጅ የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌ ጋር አይታይምና እዚያው ሊጠብቀን ነው። ጠዋት ስንነሳ ሲስተር ብቻውን ገለል አድርገው በየትኛው መንገድ እንደምንወጣ፣ መቼ እንደምንመለስ ነገሩት። እስከ ሰኞ ማታ ካልመጣን ሰው ይዘህ ፈልገን፣ ብቻህን ግን እንዳትመጣ ብለው አስማሉት። ለእያንዳንዳችን ከሸንበቆ የተቆረጠ ምርኩዝ ሰጡን። ጓደኛዬ ምን እንደሚለን ግራ ገብቶት፣ የእያንዳንዳችንን ምርኩዝ ተራ በተራ እየተቀበለ ጥንካሬውን በጉልበቱ ፈተነ።

ዳገቱ ሲጀምር ጂኦግራፊ ቆሞ ሽቅብ ተመለከተ።

“ይሄ መሬት ለምን ተነስቶ ቆመ?” አለ። “እኛ አገር መሬት ይተኛል።”

ሲስተር ከፊት አስቀደሙት። እኔ ፈጣኑ ከፊት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ለዳገት እንግዳ የሆነው ይምራ፣ ሌሎቻችን በእሱ እርምጃ እንሄዳለን አሉ። መሄድ ያለባችሁ እያወራችሁ ነው፤ ወሬ ካቋረጣችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። እኔ ቀድሜ ልውጣ ስል በምርኩዛቸው እግሬን መታ አድርገው “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይሉኛል። የዛፍ ሥር አትርገጡ፣ ተሻገሩት፤ እርጥብ ሥር ከእርጥብ ድንጋይ ይብሳል። ሙሉ እግራችሁን አሳርፉ። ሳር ውስጥ እግር ከመስደዳችሁ በፊት ምርኩዙ ይቅደም፣ እባብም ሰው ሲመጣ መንገድ መልቀቅ ይወዳል። ሳይደክመን ያሳርፉናል፣ ሳይጠማን ያጠጡናል። እኔ ሲደክመኝ ነው እንጂ የማርፈው ብዬ ስከራከር፣ የደከመው ሰው ያረፈበት ቦታ አይታወቀውም፣ ገደል አፋፍም ይቀመጣል አሉኝ።

እንዲህ ሆነን ስንወጣ አንድ ነገር ገረመኝ። ጂኦግራፊ እያለከለከ ቢሆንም ወሬው አልተቋረጠም። ሲስተርን አንቺ ነው የሚላቸው፤ አማርኛውን የተማረው ከገበያ ስለሆነ እርስዎ የሚባል ነገር ምላሱ ላይ አይመጣለትም። እሳቸውም ከእሱ አፍ ሲሰሙት ደስ ይላቸው ነበር። “አንቺ ሲስተር፣ ስንት ዓመት ነው ይሄን የምትወጪው?” ይላቸዋል። ክትባት ከጀመርኩ ጀምሮ ይሉታል። ሰው ልኮሽ ነው ወይስ አንቺ ወደሽ ሲላቸው ትንሽ አስበው፣ ልጆቹ አይወርዱማ፣ እኔ እወጣለሁ እንጂ አሉ። ከዚያ በላይ አላብራሩም። ብዙ ቀን ስለ ሥራ ፍቅር የሚናገር ኃላፊ ሰምቼ ነበር፤ እንደዚያች መልስ ያለች ግን አልሰማሁም።

እኩለ ቀን አልፎ የጤና ኬላው ቆርቆሮ ከወዲያኛው ትከሻ ላይ ታየን። በመካከላችን አንድ ሸለቆ፣ በሸለቆው ውስጥ አንድ ወንዝ። መንገደኛው ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው ያለን ወንዝ ነው። ሲስተር ግን ከጠዋት ጀምሮ በየእረፍቱ የሚያዩት እግራችንን ብቻ አልነበረም፤ በስተ ምሥራቅ ያለውን ሰማይም ነበር። እኛ ያለንበት ደረቅ ነው፤ ከላይ፣ ከደጋው በኩል ግን ጠዋቱን ሙሉ ጠቁሮ ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ቡናማ ሆኗል። ከማየታችን በፊት ድምፁን ሰምተነዋል።

ሲስተር አጠር ያለ እንጨት ውሃው ጫፍ ላይ ተክለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተን ስናየው እንጨቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሌላ ተከሉ፤ እሱንም ወሰደው።

“አንሻገርም” አሉ።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ዳገት ተወጥቶ፣ የሰውየው ቤት ጢስ እየታየ! ጂኦግራፊ በበኩሉ ባሮን በሌሊትም በቀንም የሚዋኝ ሰው ነውና ወንዙን በትዝብት ተመለከተው፤ እኔ ልሻገርና ገመድ ልዘርጋላችሁ አለ። ሲስተር ወደ እሱ ዞረው፣ ባሮ ሲወስድህ አሸዋ ላይ ነው የሚጥልህ፣ ይሄ ግን ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚያጋጭህ አሉት። እሱ ተመልሶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ተከራከርኩ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ቀጠሮው ዛሬ ነው፣ ዛሬ ካልደረስን ልጁ አለቀለት አልኳቸው። ድምፄ ከሽማግሌ ድምፅ ወጥቶ ነበር።

እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“ልጁ የሚያልቅለት እኛ ስናልቅ ነው” አሉኝ። “ወገን የለውም ነው የተባለው። ያሉት እኛ ሦስታችን ነን። አንዳችንን ውሃ ቢወስደን፣ ማን ሊቀርለት ነው?”

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን አውቃለሁ፤ ያ ውሃ ግን የሚያሳስቅ ፊትም አልነበረውም። ተቀምጬ ድንጋይ ወደ ወንዙ መወርወር ጀመርኩ። ሲስተር ትንሽ አስበው ተነሱ። ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ የት ነው የሚቆመው አሉኝ። ደጅ አልኩ። ቁጭ በሉ ሲባልስ? ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል አልኩ፤ ማንም ልጅ የሚያውቀውን ይህን ነገር ለምን እንደሚጠይቁኝ አልገባኝም።

“እንግዲያው ደጁ ይሄ ነው” አሉ። “ጫማህን ቀይር።”

የምራቸውን ነበር። ነጠላቸውን አራግፈው፣ መልሰው በወጉ አጣፉት፤ ፊታቸውን ወዲያ ማዶ ወዳለው ቤት አዞሩና ወንዙ አፋፍ ላይ፣ ከውሃው ራቅ ብለው ቆሙ። ጂኦግራፊ ከቀኛቸው ቆመ። እኔ ያንን የርዕሰ መምህሩን ጫማ ከፌስታሉ አውጥቼ፣ ጭቃ ላይ አድርጌ፣ ኮቴን ቆልፌ ከግራቸው ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ እኛም ላይ መጣ። አልተቀመጥንም። የምሸመግለው ለሰው መሆኑ ቀርቶ ለወንዝ የሆነ መሰለኝ፤ ግን እውነት ለመናገር በሕይወቴ ያን ቀን የቆምኩትን ያህል ኮርቼ የቆምኩበት ቦታ የለም።

ከማዶ ያዩን ይመስለኛል። የሲስተር ነጠላ በዚያ አረንጓዴ መሐል ከሩቅ ይታያል። ወደ ማታ ላይ አንድ ሰው ቁልቁል እየሮጡ ወደ ወዲያኛው ዳር መጡ። አባትየው ናቸው። ይጮኻሉ፤ ወንዙ ድምፃቸውን ይበላዋል። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አወናጨፉ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ደጋግመው። ሲስተር ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ሰውየው አሁንም አወናጨፉ፤ ዝናቡ ሲከብድ ዞረው ወጡ።

አበቃ አልኩ በሆዴ። ሂዱልኝ ነው ያሉን። ጂኦግራፊም እንደዚያው እንደገባው ከትከሻው አየሁት። ሲስተር ብቻ ምን እንዳሉ አልሰማንም፣ ባልሰማነው አንዘን ብለው ከአንድ የበቆሎ ማሳ ጠባቂ ማማ ሥር ወሰዱን። እርጥብ ካልሲያችንን አስወልቀው በየጣታችን መሐል አስደረቁን፤ ከፌስታል ደረቅ ካልሲ አወጡ። የእኔን ተረከዝ አይተው ውኃ የቋጠረውን ቦታ በፕላስተር አሸጉት። ጫማው ቆሜበት ብቻ እንዲህ ከበላኝ፣ ዳገቱን ብወጣበት ምን እሆን እንደነበር አንዳችንም አላነሳነውም።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ እኛ ግን እንሻገር ወይስ እንመለስ እያልን ስንመካከር፣ ከላይ በኩል፣ በእኛው ወገን፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረጉ ሰው በሳሩ መሐል ሲወርዱ አየን። አባትየው ናቸው። ወንዙ ከፍ ብሎ በጫካው ውስጥ የግንድ ድልድይ አለው፤ ጎህ ሲቀድ ተነስተው እሱን ዞረው መምጣታቸው ነው። እኛ ከተቀመጥንበት ልንነሳ ስንል በእጃቸው ከለከሉን፤ እሳቸው እንደቆሙ ቀሩ። ሲስተር ይቀመጡ ቢሏቸው አልተቀመጡም።

“ስንት ሆናችሁ ነው የተነሳችሁት?” አሉ።

“ሦስት” አሉ ሲስተር።

አንድ በአንድ አዩን፤ የሚቆጥሩ ነበሩ። ከዚያ የታፈነ ትንፋሽ ወጣቸው። ትናንት አትሻገሩ ብዬ ስጮህ ኑ ያልኳችሁ መስሏችሁ ትገባላችሁ ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም አሉ። ይህ ወንዝ በየክረምቱ የሚያስረክባቸውን ሰው የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ለቀጠሮ የቸኮሉ ናቸው። ማን ነው አንሻገርም ያለው ብለው ጠየቁ። ጂኦግራፊና እኔ እኩል ወደ ሲስተር አየን።

ሲስተር ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ እኛም ተነሳን። ደጅ ላይ እንደሚባለው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ሰውየው የቦት ጫማቸውን ጭቃ በሳሩ ጠረጉ።

“ልጃችሁ ወገን የለውም ብለውኝ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “እርስዎ ምኑ ነዎት?”

ለዚህ ጥያቄ በረንዳው ላይ ያዘጋጀነው መልስ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቹና አሳዳጊ ወዳጆቹ ነን ልንል። ሲስተር ልጅ አልወለዱም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ወንዙ ተመለከቱ፣ ወደ ሰውየው ተመለሱ።

“እናቱ ነኝ” አሉ።

አባትየው ወደ ጂኦግራፊ ቀና አሉ፤ ብዙ ቀና ማለት ነበረባቸው። “አንተስ?” አሉት።

“እኔ ወንድሙ ነኝ” አለ፤ ፈገግም አላለ።

እኔን ሳይጠይቁኝ እኔም ወንድሙ ነኝ አልኩ። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና፣ በሞላ ውሃ ዳር ልጆቿን ይዛ የምትቆም እናት ካለው፣ ልጄን እዚያ ቤት ሰጥቼ እንቅልፍ ይወስደኛል አሉ። ያን ቀን ቤታቸው ገብተን በላን፤ ስለ ማጫም ስለ ሠርግም ተነጋገርን። እሱን ሁሉ አሁን በደንብ አላስታውሰውም።

የማስታውሰው መውረዳችንን ነው። ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል ሲሉ ሲስተር እኛን ለማስፈራራት ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ቁልቁለት ግን እሳቸው ራሳቸው እያነከሱ ነበር። በእርጥብ ከስክስ ግማሽ ቀን ቆመዋል። ደረቁን ካልሲ ለእኛ ሲያድሉ ለራሳቸው እንዳልቀረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጂኦግራፊ ልዘልሽ ቢላቸው ገና ይሄን ያህል አላረጀሁም አሉት፤ ግን ትከሻውን ይዘው ወረዱ።

መንደሩ ስንደርስ ጊዜው ለዐይን ያዝ አድርጎ ነበር። ጓደኛዬ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሰው ሰብስቦ ሊወጣ ፋኖስ በእጁ ይዟል። ቆጠረን። እሱም እንደ አባትየው፣ ምን አሉ ከማለቱ በፊት ቆጠረን። ከዚያ የሲስተርን አረማመድ አየና ምንም ሳይጠይቅ በርጩማ አመጣ፣ ሳፋ አመጣ፣ ለብ ያለ ውሃ አመጣ። እግራቸው ሥር ተንበርክኮ የዚያን ከስክስ ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ማሰሪያው በጭቃ ደርቆ አልፈታ ብሎት በጥርሱ ፈታው። እግራቸው አብጦ ነበር። ሲስተር ተው ልጄ፣ ራሴ አደርገዋለሁ ቢሉም ሰምቶ አልሰማም።

እኔና ጂኦግራፊ ወሬውን ለማብሰር እንደቸኮልን ነበር፤ ግን ይህ የእኛ ወሬ አልነበረም። ሲስተር ትንሽ ካጠባቸው በኋላ ጎንበስ ብለው፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ “ሰጥተውሃል” አሉት። “እናቱ ነኝ ብያቸዋለሁ። እንዳታሳፍረኝ።”

ጓደኛዬ ቀና አላለም። እግራቸውን በሁለት እጁ እንደያዘ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አጠባቸው።